ልፈርም ወይስ ልጠብቅ? የመኪና አደጋ የጉዳት ካሳ እንዴት እንደሚተመንና የትኛው መንገድ ለማን እንደሚያዋጣ

አደጋው ከደረሰ ሁለት ሳምንት አልሞላም። አንገትዎን በደንብ ማዞር አልቻሉም። ስልክ ይጠራል። ደዋዩ የሌላኛው አሽከርካሪ ኢንሹራንስ የካሳ ሠራተኛ ነው፤ ትሑት ሰው ነው። «ተሻለዎት?» ብሎ ይጀምርና «ጉዳዩን ቶሎ ጨርሰን ገንዘቡን በዚህ ሳምንት እናስገባልዎ» ይላል። ከሥራ ቀርተዋል፤ የሕክምና ሒሳብ ተከምሯል። እንዲህ ባለ ሰዓት የተባለው ገንዘብ ያጓጓል።

እዚህ ላይ የሚመረጡ ነገሮች አራት ናቸው። መቼ ልፈርም? ብቻዬን ልደራደር ወይስ ጠበቃ ልያዝ? በድርድር፣ በአስታራቂ ወይስ በፍርድ ቤት? ገንዘቡን በአንዴ ልውሰድ ወይስ በየጊዜው? አራቱ እኩል አይደሉም። በእኔ እምነት የመጀመሪያው ሦስቱን አንድ ላይ ይበልጣቸዋል፤ ስለዚህ እሱ ላይ ብዙ እቆያለሁ።

መጀመሪያ፦ ካሳው ከምን ከምን ይሰላል?

ሒሳቡ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው በደረሰኝ የሚቆጠረው ነው። ሕክምና፣ መድኃኒት፣ ወደ ሐኪም ለመመላለስ የወጣ የትራንስፖርት ገንዘብ፣ የቀረ ደመወዝ፣ ወደፊት የሚቀር ገቢ። ሰዎች ከዚህ ውስጥ አዘውትረው የሚረሱት የአስታማሚን ድካም ነው። በእንግሊዝ ሕግ፣ ያለ ክፍያ ያስታመመ የቤተሰብ አባል ያጠፋው ጊዜ በካሳው ውስጥ ይታሰባል። እህትዎ ለአንድ ወር ገላዎን ካጠቡ፣ ልብስ ካለበሱ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉት።

ሁለተኛው ደረሰኝ የሌለው ነው። ህመሙ፣ የጠፋው እንቅልፍ፣ የተጓደለው ኑሮ። ይህን አገሮች በተለያየ መንገድ ይተምኑታል። በአሜሪካ ተደራዳሪዎች ብዙ ጊዜ የሕክምና ወጪውን ከ1.5 እስከ 5 በሆነ ቁጥር ያባዙታል። ይህ ሕግ አይደለም፤ የድርድር ልማድ ነው። በፈረንሳይ ሥቃይ ከ1 እስከ 7 ባለ ሚዛን በሐኪም ይለካል። ስፔን በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ ለእያንዳንዱ ጉዳት ነጥብ ሰጥታለች። በእንግሊዝ ዳኞች የሚመሩበት በጉዳት ዓይነት የተከፋፈለ መመሪያ አለ። ከዚህ በተጨማሪ መኪና ሲጋጭ አንገት ተወናጭፎ ለሚመጣው ቀላል ጉዳት ከግንቦት 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተቆረጠ ታሪፍ ወጥቶለታል። ታሪፉ ህመሙ በቆየባቸው ወራት ይሰላል።

ኩባንያዎቹስ? ብዙዎቹ በኮምፒውተር ያሰላሉ። ኮሎሰስ የሚባለው ሶፍትዌር በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ሠራተኛው የጉዳቱን ዓይነት፣ የሕክምናውን ርዝመት፣ ሐኪሙ የጻፈውን ሁሉ ያስገባል፤ ሶፍትዌሩ የገንዘብ መጠን ያወጣል። ስለዚህ ሐኪም ካርድዎ ላይ ያልሰፈረ ህመም በሒሳቡ ውስጥ የለም። ሐኪሙ «እንዴት ነው?» ሲልዎ «ደህና ነኝ፣ ትንሽ አንገቴን ያመኛል» ካሉ፣ የሚጻፈው ይኸው ነው። «ወደ ግራ ስዞር ህመሙ እስከ ትከሻዬ ይወርዳል፤ ሌሊት ሁለቴ ያነቃኛል፤ ልጄን ማንሳት አልቻልኩም» ካሉ ደግሞ ሌላ ነገር ይጻፋል። ሁለቱም አንድ ሰው፣ አንድ አንገት ነው። ማጋነን አያስፈልግም፤ እንዲያውም ከተደረሰበት ሁሉንም ያበላሻል። ግን ከጨዋነት የተነሳ ህመምን ማሳነስ ብዙ ሰው ይጎዳል።

ቀጠሮ መዝለልም እንደዚሁ ነው። ለአንድ ወር ሐኪም ዘንድ ካልሄዱ ሠራተኛው «በዚህ ወር ድኗል ማለት ነው» ብሎ ይከራከራል። ገንዘብ አጥተው ወይም ልጅ የሚይዝ ጠፍቶ ከሆነ የቀሩት፣ ምክንያቱ ካርዱ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ።

ሒሳቡን የሚቀንሱት

ጉዳትዎ 600 ሺህ ያወጣል እንበል። የጥፋቱ 20 በመቶ የእርስዎ ነው ከተባለ 480 ሺህ ይሆናል። የሌላኛው መኪና የኢንሹራንስ ሽፋን ጣሪያ 400 ሺህ ከሆነ፣ ኩባንያው ከ400 ሺህ በላይ አይከፍልም። ቀሪውን ከአሽከርካሪው ኪስ መፈለግ ይኖርብዎታል፤ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የለውም።

የጥፋት ድርሻ ነገር እንደ ቦታው በጣም ይለያያል። በእንግሊዝ የደኅንነት ቀበቶ ያላሰረ ሰው፣ ቀበቶው ጉዳቱን ሙሉ በሙሉ ያስቀረው ከነበረ 25 በመቶ፣ ያቀልለው ከነበረ 15 በመቶ ይቀነስበታል። ይህ በ1975 (እ.ኤ.አ.) በተሰጠ ፍርድ የተቀመጠ ነው። በካሊፎርኒያ ከ1975 ጀምሮ ጥፋትዎ የቱንም ያህል ቢሆን በድርሻዎ ልክ ብቻ ነው የሚቀነሰው። በአላባማ፣ በሜሪላንድ፣ በሰሜን ካሮላይናና በቨርጂኒያ ግን ትንሽ ጥፋት እንኳ ከተገኘብዎ በመሠረቱ ምንም ላያገኙ ይችላሉ። በመንገድ ላይ «ይቅርታ፣ እኔም አላየሁህም» የሚለው የትሕትና ቃል እንዲህ ባለ ቦታ ስንት እንደሚያስከፍል አስቡት።

የሽፋን ጣሪያውን በመጀመሪያው ሳምንት ይጠይቁ። በካሊፎርኒያ ሕጉ የሚያስገድደው ትንሹ ሽፋን እስከ 2024 መጨረሻ ለአንድ ሰው 15 ሺህ ዶላር ነበር፤ ከጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ 30 ሺህ ሆኗል። ለተሰበረ እግር ቀዶ ሕክምና ይህ ምንም ማለት አይደለም። ጣሪያው ዝቅተኛ ከሆነ የራስዎን የኢንሹራንስ ውል አውጥተው ያንብቡ። ሌላው ወገን በቂ ሽፋን ከሌለው የሚሞላ አንቀጽ እዚያ ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

ምርጫ አንድ፦ አሁን መፈረም ወይስ መጠበቅ?

የሚፈርሙት ወረቀት ደረሰኝ አይደለም። መብትዎን የሚለቁበት ሰነድ ነው። በውስጡ «አሁን የታወቀም ሆነ ወደፊት ሊታወቅ የሚችል ማንኛውም ጉዳት» የሚል ወይም የሚመስል ሐረግ ይኖራል። ከፈረሙ በኋላ በሦስተኛው ወር ኤምአርአይ ሲነሱ የአከርካሪ ዲስክ መንሸራተት ቢገኝ፣ ጉዳዩ ተዘግቷል። ማታለል ወይም የመሳሰለው ካልተረጋገጠ በቀር ፍርድ ቤትም አይከፍተውም።

ፈረንሳይ ለዚህ ጥሩ መላ አበጅታለች። በሐምሌ 1985 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የመንገድ አደጋ ሕግ ተጎጂው ከፈረመ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ሐሳቡን እንዲቀይር ይፈቅዳል። እንግሊዝ ደግሞ ለአንገት መወናጨፍ ጉዳት ያለ ሐኪም ሪፖርት ካሳ ማቅረብንም ሆነ መቀበልን ከልክላለች። ሁለቱም አገሮች ያዩት አንድ ነገር ነው፤ ሰው ጉዳቱን ሳያውቅ ይፈርማል።

ታዲያ እስከ መቼ ይጠበቃል? ሐኪሙ «ከዚህ በላይ የሚሻል ለውጥ አልጠብቅም» እስከሚልበት ድረስ። ይህ ማለት ድነዋል ማለት አይደለም። ሁኔታው ረግቷል፤ ቀሪው ምን እንደሆነ ታውቋል ማለት ነው። ወደፊት የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና፣ ቋሚ የአካል ጉዳቱ መቶኛ፣ ወደ ድሮ ሥራዎ መመለስ መቻል አለመቻልዎ በወረቀት የሚሰፍረው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት የሚሰጥ ዋጋ ግምት ነው፤ ገማቹ ደግሞ ከፋዩ ነው።

ቶሎ መፈረም ትክክል የሚሆንባቸው ሁኔታዎች ግን አሉ። ጡንቻ ብቻ ተጎድቶ ከነበረና ሐኪም አይቶ ከለቀቀዎት፣ ህመሙም ለሳምንታት ካልተመለሰ፣ የቀረበው ገንዘብ ወጪዎንና የቀረ ደመወዝዎን ሸፍኖ ትርፍ ካለው፣ ይጨርሱ። ለትንሽ ልዩነት ዓመት መጓተት አያዋጣም። ሁለተኛው ሁኔታ፣ ጉዳትዎ በግልጽ ከሽፋን ጣሪያው በላይ ሆኖ ኩባንያው ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ ሲያቀርብ ነው። ከዚያ ወገን ሌላ የሚገኝ ከሌለ መጠበቁ ምን ይጨምራል? እዚህ ላይ ግን ከራስዎ ኢንሹራንስ ማሟያ የሚጠይቁ ከሆነ አስቀድመው እሱን ያስፈቅዱ። ሳያሳውቁ መፈረም ያንን መብት ሊያሳጣዎ ይችላል።

ጭንቅላት ከተመታ፣ አጥንት ከተሰበረ፣ እጅ ወይም እግር ከደነዘዘ፣ ሐኪም ስለ ቀዶ ሕክምና ካነሳ፣ ወይም የተጎዳው ልጅ ከሆነ፣ በጥድፊያ አይፈርሙ። የልጅ ጉዳይ በብዙ ቦታ የራሱ ጥበቃ አለው። በእንግሊዝ የልጅ ካሳ ስምምነት የሚጸናው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው፤ የይርጋው ጊዜም (ክስ ማቅረብ የሚቻልበት ገደብ) መቆጠር የሚጀምረው ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ነው።

«መጠበቁስ ይሁን፣ ምን እየበላሁ ልጠብቅ?» ለሚል ሰው መካከለኛ መንገዶች አሉ። የመኪናውን ጉዳት ከአካል ጉዳቱ ለይተው መዝጋት ይችላሉ። ወረቀቱ ግን ስለ ንብረት ብቻ የሚናገር መሆኑን ቃል በቃል ያንብቡ፤ «ከአደጋው የተነሳ ማንኛውም ጥያቄ» የሚል ካለበት ያ አካልዎንም ይጨምራል። ጥፋቱ ካላከራከረ የቅድሚያ ክፍያ በጽሑፍ ይጠይቁ። የራስዎ ውል ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን ሕክምናዎን የሚሸፍን አንቀጽ ካለው በእሱ ይታከሙ።

መጠበቅም ወሰን አለው፤ ይርጋ ይባላል። በእንግሊዝ በመደበኛው 3 ዓመት፣ በካሊፎርኒያ 2 ዓመት፣ በቴነሲ 1 ዓመት ነው። በካሊፎርኒያ የመታዎት የመንግሥት መኪና ከሆነ ጥያቄውን ለመሥሪያ ቤቱ በ6 ወር ውስጥ ማቅረብ አለብዎት። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው። «ከኢንሹራንሱ ጋር እየተነጋገርኩ ነው» ብሎ ይተማመናል። በጀርመን ድርድሩ እስካለ ድረስ ይርጋው ይቆማል። በብዙ ሌላ ቦታ ግን አይቆምም። ሠራተኛው በትሕትና እያወራዎት ቀኑ ሊያልፍ ይችላል፤ ካለፈ በኋላ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። የሚኖሩበትን ቦታ የይርጋ ቀን በመጀመሪያው ሳምንት አጣርተው ይጻፉት።

ምርጫ ሁለት፦ ብቻዎን ወይስ በጠበቃ?

ብዙ ጊዜ ጠበቃው የሚከፈለው ካሳው ሲገኝ፣ ከካሳው ተቆርጦ ነው። በአሜሪካ የተለመደው ሲሶ ነው፤ ክስ ከተመሠረተ ወደ 40 በመቶ ሊወጣ ይችላል። በእንግሊዝ ካሸነፈ የሚጨምረው ክፍያ የወደፊት ኪሳራን ሳይነካ ከቀሪው ካሳ ከ25 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በእጅዎ 100 ሺህ ቀርቦልዎ ጠበቃው ሲሶ የሚወስድ ከሆነ፣ እኩል ለመውጣት ካሳውን 150 ሺህ ማድረስ አለበት። ይህም ሌላ ወጪ ሳይቆጠር ነው። ጉዳቱ ቀላል፣ ጥፋቱ ግልጽ፣ ጉዳቱም የዳነ ከሆነ ይህ ጭማሪ የሚመጣ አይመስለኝም፤ ብቻዎን ይሥሩት። ቋሚ ጉዳት ካለ፣ ጥፋቱ ካከራከረ፣ ብዙ መኪና ከተጋጨ ወይም የመታዎት የኩባንያ የጭነት መኪና ከሆነ፣ ጠበቃ ያዙ። እንዲህ ባለው ጉዳይ የወደፊቱን ገቢ ማስላትና ባለሙያ ምስክር ማቅረብ ብቻውን ሙሉ ሥራ ነው።

ጠበቃ ሲይዙ ከመቶኛው በላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ድርሻዎ የሚቆረጠው ወጪ ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ካሳው 300 ሺህ፣ የባለሙያና የፍርድ ቤት ወጪው 30 ሺህ ይሁን። ከሙሉው ላይ ሲሶ ከተቆረጠ 100 ሺህ ለጠበቃ፣ 30 ሺህ ለወጪ፣ 170 ሺህ ለእርስዎ ይሆናል። ወጪው አስቀድሞ ከተቀነሰ ከ270 ሺህ 90 ሺህ ለጠበቃ ሄዶ 180 ሺህ ይተርፍዎታል። የመቶኛው ቁጥር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ግን 10 ሺህ ነው። ሌላው መጠየቅ የሚገባው፣ አስቀድሞ የቀረበልዎት ገንዘብ ካለ ድርሻውን እሱ በጨመረው ላይ ብቻ እንዲያደርግ ነው። ሁሉም እሺ አይልም፤ እሺ የሚል ግን አለ።

ብቻዎን ከሆኑ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ለሌላኛው ወገን ኢንሹራንስ በድምፅ የተቀዳ ቃል የመስጠት ግዴታ በአብዛኛው የለብዎትም፤ «በጽሑፍ እመልሳለሁ» ማለት ይችላሉ። ከራስዎ ኩባንያ ጋር ግን የመተባበር ግዴታ ውልዎ ውስጥ ይኖራል። ሁለተኛው፣ የሕክምና መረጃዎን ሁሉ ያለ ገደብ እንዲያዩ የሚፈቅድ ቅጽ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ስለ ወገብዎ የነገሩት ሐኪም ማስታወሻ ወጥቶ «የድሮ በሽታ ነው» ይባላል። ፈቃዱን ከአደጋው ጋር በተያያዘ ሕክምናና በተወሰነ ጊዜ ይገድቡት።

የመጀመሪያው የቀረበልዎት ገንዘብ ካነሰ አይቆጡ። «ከምን ተነስታችሁ ነው ይህን ያላችሁት? የትኛውን ሒሳብ ነው ያልተቀበላችሁት?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። ሠራተኛው ምክንያቱን ሲጽፍ የቱ ማስረጃ እንደጎደለዎት ራሱ ይነግርዎታል። ድርድር የሚነቃነቀው በማስረጃ ነው።

ምርጫ ሦስት፦ ድርድር፣ አስታራቂ ወይስ ፍርድ ቤት?

አብዛኛው ጉዳይ ፍርድ ሳይሰጥበት በስምምነት ያልቃል፤ ክስ የተመሠረተበት እንኳ። ክስ መመሥረት ብዙ ጊዜ ይርጋን ማስቆሚያና ድርድሩን ማስነሻ ነው። በኒውዚላንድ ግን ይህ ምርጫ የለም። ከ1974 ጀምሮ የአካል ጉዳት ካሳ ጥፋተኛ ሳይፈለግ ከሕዝብ ፈንድ ይከፈላል፤ በዚያው መጠን ለጉዳቱ ካሳ መክሰስ ቀርቷል።

በቁጥር ብቻ ከተለያያችሁ አስታራቂ ጥሩ ነው። አስታራቂው አይፈርድም፤ ሁለቱን ያቀራርባል፤ ካልጣመዎት ተነስተው መሄድ ይችላሉ። የግልግል ዳኝነት ግን ሌላ ነው። ገላጋዩ ይወስናል፤ ውሳኔውም አብዛኛውን ጊዜ ያስራል። ሰነድ ላይ የትኛው እንደተጻፈ ያጣሩ።

ፍርድ ቤት የሚያዋጣው ኩባንያው ጥፋቱን ጭራሽ ሲክድ፣ ወይም የሚያቀርበውና የሚገባዎት በጣም ሲራራቁ ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ የሚያስፈራ ወጪም አለው። በእንግሊዝ ሌላው ወገን በሥርዓቱ መሠረት ያቀረበውን ገንዘብ እምቢ ብለው፣ ዳኛው ከዚያ ያልበለጠ ከፈረደ፣ ከዚያ ወዲህ የወጣውን የተቃራኒውን ወገን ወጪ ከካሳዎ ላይ ሊያጡ ይችላሉ። ካሊፎርኒያም ተመሳሳይ ሥርዓት አላት። ስለዚህ በጽሑፍ የመጣን ገንዘብ በስሜት አይመልሱ፤ ከመመለስዎ በፊት ሒሳቡን በድጋሚ ይሥሩ።

ምርጫ አራት፦ በአንዴ ወይስ በየጊዜው?

ይህ የሚያሳስበው ከባድ ጉዳት የደረሰበትን ሰው ነው። ለሌላው ሰው በአንዴ መቀበል ይበቃል።

ለዕድሜ ልክ እንክብካቤ የሚከፈል ካሳ በአንዴ ሲሰጥ ይቀነሳል፤ ምክንያቱም ገንዘቡ ተቀምጦ ይወልዳል ተብሎ ይታሰባል። በእንግሊዝ ይህ የሚታሰበው የትርፍ መጠን ከ2019 ጀምሮ ከዜሮ በታች 0.25 በመቶ ነበር፤ ከጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከዜሮ በላይ 0.5 በመቶ ሆኗል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ለወጣት ተጎጂ የብዙ ዓሥርት ዓመታት ሒሳብ ላይ ሲወድቅ ግን በአንዴ የሚሰጠውን ገንዘብ በጣም ያሳንሰዋል። በየዓመቱ የሚከፈል ከሆነ ይህ ግምት ይቀራል፤ ሰውየው ከተጠበቀው በላይ ቢኖርም ገንዘቡ አያልቅም። መጠየቅ ያለበት ክፍያው ከኑሮ ውድነት ጋር አብሮ ያድጋል ወይ የሚለው ነው። ካላደገ በሃያኛው ዓመት የአስታማሚ ደመወዝ አይሸፍንም።

ቤት ለማስተካከል፣ ተሽከርካሪ ወንበር ለመግዛት የሚያስፈልገውን በአንዴ፣ ቀሪውን በየዓመቱ መቀበል ለብዙ ቤተሰብ የተሻለ ነው።

ከመፈረም በፊት

የሚነገርዎት ቁጥር እጅዎ የሚገባው አይደለም። በአሜሪካ ሕክምናዎን የከፈለው የጤና ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ የከፈለውን ከካሳዎ ላይ መልሶ ይጠይቃል፤ ሆስፒታሉም ያልተከፈለው ሒሳብ ካለ ይጠይቃል። ይህ ዕዳ አንዳንዴ በድርድር ይቀነሳል፤ ግን ከመፈረም በፊት ከተጠየቀ ነው የሚቀለው። ስለዚህ በአንድ ገጽ ላይ ይህን አስጽፈው ይያዙ፦ ጠቅላላ ካሳው ስንት ነው፤ ለጠበቃ ስንት፤ ለወጪ ስንት፤ ለጤና ኢንሹራንስና ለሆስፒታል ስንት ይመለሳል፤ የሚተርፈው ስንት ነው፤ በስንት ቀን ይከፈላል። ከዚያ ያንን የመጨረሻ ቁጥር ሐኪሙ ወደፊት ያስፈልግዎታል ካለው ሕክምና ወጪ ጎን አስቀምጠው ይዩት። ካነሰ፣ ወረቀቱን ሳይፈርሙ ይመልሱትና የጎደለውን ወጪ የሚያሳየውን የሐኪም ደብዳቤ አያይዘው ይላኩ።